ለአንዲት እስረኛ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፉት እትዬ ደብዳቤ

እትዬ ደብዳቤ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በ1943 ዓ.ም. የካቲት ወር ተወለዱ። ይህን ስም ያወጡላቸው ወላጆቻቸው ሳይሆኑ የፖስታ ቤት ሠራተኞች ናቸው። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር። በኋላ እሳቸውም ስለወደዱት፣ ሰውም በሌላ ስለማያውቃቸው፣ እዚህም በዚሁ ተጽፏል።

ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ናት። ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ "የተማረ ሰው ይጻፈው" ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እምቢ አለች። ስህተት ከተገኘ የእሷ ነው።

እትዬ ደብዳቤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። የአባታቸው ዓይን ደክሞ ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅታቸው ግን ትምህርቱን ትተው የጽሕፈት መኪና ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. በአፍሪካና በእስያ ሕዝቦች የወዳጅነትና የሰላም ኮሚቴ በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ቢሮው ከጫማ መሸጫ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ሲሆን አንደኛው ክፍል ወረቀት ብቻ ነበር። ጦርነት ይቁም፣ እስረኛ ይፈታ፣ ቅኝ ገዢ ይውጣ የሚለውን ጽሑፍ በስቴንስል ይመታሉ፣ ያባዛሉ፣ በፖስታ ያሽጋሉ። ጣታቸው ከቀለም ጸድቶ አያውቅም። እናታቸው "የሰው አገር ጦርነት አስቁመሽ ስትጨርሺ፣ የአንቺንና የእህትሽን ጠብ አስቁሚልኝ" ይሏቸው ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ኮሚቴው ትልቅ ጉባኤ ጠራ። ጉባኤ ሲከፈት ለሰላም ሲታገሉ የተገደሉት ስም ይነበብና ሁሉም ቆሞ አንድ ደቂቃ ዝም ይላል። የሟቾቹም የእንግዶቹም ስም በየብጣሽ ወረቀቱ ተጽፎ ጠዋት በአንድ ላይ መጣላቸው። እትዬ ደብዳቤ በጥድፊያ አንዷን ብጣሽ ደባለቁ። ከእስያ የመጣች አንዲት ነርስ ስሟ ከሙታን ጋር ተነበበ። ነርሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ለሌሎቹ ሟቾች ክብር ብላ ትንፍሽ አላለችም። ከሰው ጋር ተነሥታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ለራሷ ሞት ቆመች።

ደቂቃው ሲያልቅ ወደ ታይፒስቷ ጠረጴዛ መጥታ፣ "አመሰግናለሁ፤ ለእኔ ግን አንድ ደቂቃ አይበቃም" አለቻቸው። ሊቀ መንበሩ አልሣቁም። "ይህችን ልጅ ዛሬውኑ አሰናብቱልኝ" አሉ። ነርሷም፣ "እሷን ካባረራችሁ እኔ እንደሞትኩ እቀራለሁ፤ የሞተ ሰው ደግሞ ንግግር አያደርግም" ብላ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። አዳራሹ የሚጠብቀው የእሷን ንግግር ነበርና እትዬ ደብዳቤ ከሥራቸው ሳይባረሩ ቀሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይጻጻፉ ጀመር።

በ1968 ዓ.ም. ከመብራት ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ነርሷ ለሕፃኗ ሹራብ ሠርታ ላከች፤ እጅጌው ለአባትየውም ይበቃ ነበር። ኮሚቴው በ1984 ዓ.ም. ሲዘጋ የጽሕፈት መኪናውን የሚፈልገው ስለጠፋ ለእሳቸው ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት አገልግለዋል።

በ1997 ዓ.ም. ነርሷ ታሰረች። በአገሯ ጦርነት ተነሥቶ የሁለቱንም ወገን ቁስለኛ ታክም ነበር፤ አደባባይ ወጥታ "ተኩስ ይቁም" ስላለች ወሰዷት። ወሬው ከሥራ ባልደረባዋ መጣ፤ ሲወስዷት መነጽሯንም ቀምተዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ እትዬ ደብዳቤ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ለእስር ቤቱ አዛዥ ይጽፉ ነበር። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ በሕይወት አለች ወይ? መነጽሯን ሰጥታችኋታል ወይ? መቼ ትፈታለች? መልስ ግን አልመጣም። አንድ ጊዜ ፖስታው "ተቀባይ አልተገኘም" ተብሎ ተመለሰ። "እስር ቤት እግር አለው እንዴ? የት ይሄዳል?" ብለው በማግሥቱ መልሰው ላኩት።

ታናሽ እህታቸው ቅር ይላት ነበር። ዛሬ ልትደብቀው አትፈልግም። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ "ለእኔ አንድ መስመር ጽፈሽልኝ ታውቂያለሽ?" አለቻቸው። "አንቺ ጋ በእግሬ እመጣለሁ። እሷ ጋ በእግሬ አልደርስም" አሏት።

በ2008 ዓ.ም. ከዚያ አገር የመጣ አንድ ነጋዴ "ሴትየዋ እኮ ሞታለች" አላቸው። ማስረጃ ጠየቁት፤ የለውም፤ ሲወራ ሰምቶ ነው። ቤት ገብተው ብዙ አለቀሱ። ሰኞ ሲደርስ ግን የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጡ። "አንድ ጊዜ በሕይወት እያለች ገድያታለሁ። በወሬ ሁለተኛ አልገድላትም" አሉ።

በ2015 ዓ.ም. በስትሮክ ቀኝ እጃቸው ሰለለ። ታናሽ እህታቸው እንግሊዝኛ አታውቅም፤ የድሮውን ደብዳቤ ፊቷ አስቀምጣ ፊደሉን በመልኩ እየፈለገች በአንድ ጣት ትመታላቸው ጀመር። አንድ ወር ደክሟት የመነጽሩን ጥያቄ ዘለለችው። አዩባት። "ትፈቻለሽ የሚላትን ወረቀት በምን ታነበዋለች?" ብለው እንደገና አስመቷት።

ሕመሙ እየጠና ሄዶ ከአልጋ ጣላቸው። በመጨረሻው ጠዋት "መልስ መጣ?" ብለው ጠየቁ። "መጣ፤ ተፈታች" ለማለት የእህታቸው አፍ ተከፍቶ ነበር። አልቻለችም። "አልመጣም እትዬ" አለች። "እንግዲያው አታቋርጪ" አሏት። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ሐሙስ ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ነርሷ ትኑር አትኑር ሳያውቁ ሄዱ። አንጀታችንን የሚበላው ይህ ነው።

ባለቤታቸው በ2002 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል። ልጃቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው ከኋላቸው ቀርተው ያዝናሉ።

የሐምሌ ወር ደብዳቤ ተመትቶ መውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። አንዳንድ ዘመድ "በቀብር ቀን ፊርማ ነውር ነው" ብሏል። ይበል። የፈለገ ይፈርም፤ መጻፍ የማይችል በጣቱ ያትም።

ሰውን ሁሉ የፈጠረ አምላክ ነፍስሽን ጦርነትና እስራት በሌለበት ያኑራት። እትዬ፣ አንቺ እረፊ። ሰኞ ፖስታ ቤት እኔ እሄዳለሁ።