መርጠህ ደባልቅ

ይድረስ ለልጄ ለጊሊያን፤ የአውስትራሊያ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ የግሪምስቢ ዝናብ ብቻ አልለቅ ብሎናል።

አባትሽ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ «መርጠህ ደባልቅ» ከሚሉት፣ ሰው የወደደውን እየዘገነ ከሚቀላቅልበት የሱቁ የከረሜላ መደርደሪያ አይቀርም። ድሮ ጥርስ የሚሰብረውን ነበር የሚዝቀው፤ ዘንድሮ ለስላሳ ለስላሳውን ሆኗል። እሱንም ቀምሶ ለእኔ ይሰጠኛል።

ባለፈው ሐኪሙ፣ «ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ሕክምና እኮ መርጠህ ደባልቅ አይደለም! ክኒኑን ወስደው መርፌውን መተው አይችሉም» ቢለው፣ «እንግዲያው ከረሜላውን መርጫለሁ» ብሎት ኮቱን ለብሶ ወጣ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ያንን ኮት ትናንት ለሁለተኛ ጊዜ አጠበብኩለት።

ለገና እመጣለሁ ብለሻል። ገና ግን ገና ነው፤ አልጋሽን ከአሁኑ አንጥፌዋለሁ።

በናፍቆት ስሞሻለሁ፤
እናትሽ ኢዲት