ያልተንቀሳቀሱት ጣቶቼ

ኢቲሳም፣

በግራ እጄ ስለጻፍኩት ፊደሉ ተጣሟል፤ ታገሺኝ።

ውጫሌ እናቴ ዘንድ ሄጃለሁ። የቤታችን ቁልፍ ጎረቤታችን ራህማ ጋ ነው።

ትናንት ደሴ የነርቭ ምርመራውን አደረግሁ። በኤሌክትሪክ ሲነኩኝ የግራ ጣቶቼ ዘለሉ፤ የቀኞቹ ንቅንቅ አላሉም። ጡንቻዬ ውስጥ መርፌ ሰክተው "ጨብጪ" ሲሉኝም ማሽኑ ዝም አለ።

"የመድፍ ፍንጣሪው ክንድሽን እንደመታሽ ብትመጪ ኖሮ ነርቩ ይሰፋ ነበር፤ አሁን አልፏል" አለኝ ሐኪሙ።
ያኔ መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ ነበር።

የስፌት መኪናዬን ውሰጂው። የደንበኛዬ የሀያ የሰርግ ቀሚስ እጅጌው ብቻ ነው የቀረው፤ አደራ ጨርሺላት።

ብርጭቆ ከእጄ በወደቀ ቁጥር "ሆን ብለሽ ነው" ትይኝ ነበር።

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር።
ምናልባት አንቺ ትቀድሚኝ እንደሁ ብዬ ተውኩት።

ሀኒያ