ከቄራ ደም የዶሮ መኖ ያወጡት የእትዬ ማማሰያ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ማማሰያ እያለ የሚጠራቸው አክስታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ከከብት ገበያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በሒሳብ የሚደርስባቸው አልነበረም ይባላል። እናታቸው ዓይናቸው ደክሞ መርፌ መያዝ ሲያቅታቸው ግን ትምህርቱን ትተው ሥራ ፍለጋ ወጡ፤ በ1966 ዓ.ም. በከተማው ቄራ በወለል አጣቢነት ተቀጠሩ። ሥራቸው ከእርድ በኋላ ደሙን በመጥረጊያ እየገፉ ወደ ቦይ መስደድ ነበር። ቦዩ በቀጥታ ወንዝ ይገባል።

በ1970 ዓ.ም. ከቄራው አጥንት የሚጭነውን የመኪና ሹፌር አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ስለ ትዳራቸው ሲጠየቁ፣ «እሷ ደሙን፣ እኔ አጥንቱን፤ ሥጋውን የሚበላው ሌላ ሰው ነው» ይሉ ነበር።

አክስታችን ደመወዛቸውን ለመደጎም በጓሯቸው ሃያ ዶሮ ያረቡ ነበር። በ1978 ዓ.ም. አንድ የዶሮ እርባታ ባለሙያ ወደ ሰፈሩ መጥቶ፣ ዶሮ ፉርሽካ ብቻ ከበላች እንቁላሏ እንደሚቀንስ፣ ፕሮቲን እንደሚያስፈልጋት፣ ከደረቀ ደም መቶ እጅ ውስጥም ሰማንያው ፕሮቲን እንደ ሆነ ሲያስረዳ ሰሙ። ሌላው ሰው አጨብጭቦ ሲበተን እሳቸው ተቀምጠው ቀሩ። «እንግዲያው እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መኖ ነው ወንዝ ውስጥ ስጠርግ የኖርኩት» አሉ።

በማግስቱ የቄራውን ሥራ አስኪያጅ፣ ለቦዩ የሚሰጠው ደም ለእሳቸው እንዲሰጥ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ስቀው ፈቀዱ። አክስታችን ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ጣዱ። አባታቸው ቁመታቸውን የሚያህል ማማሰያ ጠረቡላቸው፤ ስማቸውም የወጣው ከዚህ ነው። ደሙን እስኪረጋ ድረስ ቀቅለው፣ በጆንያ ጨምቀው፣ በቆርቆሮ ላይ አስጥተው ያደርቁታል። ሲደርቅ ጥቁር ብርጭቆ ተሰባብሮ የፈሰሰ ይመስላል። ከዚያ ይፈጫል።

እዚህ ላይ እሳቸው ራሳቸው ደብቀውት የማያውቁትን ስሕተት መጻፍ ይገባል። በሒሳባቸው ስለሚተማመኑ፣ ፕሮቲኑ በበዛ ቁጥር እንቁላሉም ይበዛል ብለው አሰሉ። በእንቁላል ሽያጭ የሚተዳደሩ አሥራ ሁለት ጎረቤቶቻቸውንም አሳምነው፣ ኑግ ለዘይት ተጨምቆ የሚቀረውን ፋጉሎ ሙሉ በሙሉ አስትተው የደም ዱቄት እየዛቁ እንዲሰጡ አደረጉ። ዶሮዎቹ መኖውን እየጠሉ መጡ፤ እርስ በርስ ላባ መነቃቀል ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት እንቁላል ቆመ። ከጎረቤቶቹ አንዷ፣ «እትዬ፣ ዶሮዎቼ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ምን ያደረግኳቸው ይመስልዎታል?» አሏቸው። የጎረቤቶቹ ቅሬታ የደረሳቸው ሥራ አስኪያጅም የአንድ ወር ቀን ቆረጡ፤ እስከዚያ ካልተስተካከለ ደሙ ወደ ቦዩ ይመለሳል።

አክስታችን አሥራ ሁለቱንም በር አንኳኩ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ዶሮዎቹ ልክ ናቸው» አሉ። እጅግ ለተጎዱት ሦስት ቤቶች ከራሳቸው ዶሮዎች አሥራ ሁለቱን አከፋፈሉ። የቀሯቸውን ስምንቱን በአራት ሳጥን ከፍለው፣ በእያንዳንዱ ሳጥን መኖውን በተለያየ መጠን እየቀየጡ፣ ጠዋት ማታ እየጻፉ ተከታተሉ። ባለሙያውንም ያለበት ድረስ ሄደው ጠየቁ። ደም ኃይለኛ ቢሆንም ለብቻው ጎዶሎ እንደ ሆነ፣ ጉድለቱን የሥጋና የአጥንት ተረፈ ምርት ከፋጉሎ ጋር ሆኖ እንደሚሞላው የተረዱት ያን ጊዜ ነው። ከመቶ ኪሎ መኖ ውስጥ ሦስት ኪሎ የደም ዱቄት፣ አምስት ኪሎ የሥጋና የአጥንት ዱቄት፣ የቀረው እህል፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ የሰጡት ቀን ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ሁለት እንቁላል ተገኘ። አክስታችን ሳጥኑን እንዳለ ተሸክመው ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ዶሮዎቹ ወረቀቱ ላይ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ያስቃል፤ ፈቃዱ ግን ጸደቀ።

በ1986 ዓ.ም. የተረፈ ምርት ክፍል ኃላፊ ሆነው ዘጠኝ ሠራተኞችን መሩ። ሕጋቸው አጭር ነበር፦ የከብት ሐኪሙ ካላሳለፈው ከብት ምንም አይወሰድ፤ ሳይበስል ከበርሜሉ አይውጣ፤ የዛሬ ደም ለነገ አይደር። በ2008 ዓ.ም. በጡረታ ሲገለሉ የክፍሉን ኃላፊነት በውድድር ያሸነፈችው ታላቅ ሴት ልጃቸው ናት። ፈታኝ ሆነው የተቀመጡት እሳቸው አልነበሩም፤ ቢሆኑ ኖሮ ታልፍ እንደ ሆነ እሷም ትጠራጠራለች።

ባለቤታቸውን በ2011 ዓ.ም. በሞት ካጡ በኋላ የልብ ሕመም አድሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ ቀብራቸው የእርድ ቀን ላይ ቢውል ሥራው እንዳይቋረጥ አዘዋል። ልጆቹ እንዴት ይሆናል ቢሏቸው፣ «እኔ እጠብቃለሁ፤ ደም ግን አይጠብቅም» አሉ።

ዛሬ የእርድ ቀን ነው። ታላቅ ልጃቸውና አራት ሠራተኞች ከመካከላችን ያልተገኙት ሐዘኑ ስላልከበዳቸው አይደለም፤ አሁን ይህ ሲነበብ በርሜሉን እያማሰሉ ነው። አክስታችን ሦስት ልጆች፣ ስድስት የልጅ ልጆች፣ ሦስት እኅትና ወንድሞች፣ እንዲሁም በየጓሯቸው ዶሮ የሚያረቡ ብዙ ጎረቤቶች ትተው ሄደዋል።

የለፉበትን የማይረሳ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ እኛንም ያጽናን። ሬሳው ወደ መቃብሩ አይወርድም፤ ልጃቸው የመጨረሻውን ደም ከበርሜሉ አውጥታ እስክትመጣ ድረስ፣ እንዳሉት ይጠብቃሉ።