ቀዩ ዊግ እና የሀናን ጸጉር

ጀማልዬ፣ አላህ ማረፊያህን ያሳምርልህና፣ ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ከተማችን ካልጋሪ እንደተውካት ናት፤ የነዳጁ ሥራ ደርቶ፣ ሰው እየጎረፈ፣ እዚህ ሰፈራችን ማርቲንዴል የሚከራይ ቤት ተፈልጎ አይገኝም። እኔ ግን ሌላ ወሬ ይዤልሃለሁ፤ ከታላቅ ወንድምህ ጋር ተጣላሁ።

ነገሩ የልጅህ ጸጉር ነው። ሀናን ሂጃብ አላደርግም አለች። አልዋሽህም፣ ከፋኝ፤ ግን አላስገደድኳት። ወንድምህ ጋሼ ሙክታር ባንተ የሙት ዓመት ሰደቃ ላይ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ልጅቷ ካልተሸፈነች ዱዓ አላደርግም ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ያኔ ቱርክ አገር፣ አንካራ ትዝ አለኝ። ተማሪዎች ሳለን፣ የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ ሕግ ነው ብሎ በሻርፕ አላስገባ አለኝ። ሃይማኖትና መንግሥት ለየብቻ ናቸው ይሉን ነበር፤ የኔ ራስ ላይ ሲደርስ ግን መንግሥት እጁን አስገባ። እንደ ቱርኮቹ ልጆች ሻርፑ እንዳይታይ ከላዩ ዊግ ላድርግ ብዬ ገበያ ብልክህ፣ አንተ ጉደኛ፣ ቀይ ገዝተህ መጣህ! የደሴ ልጅ በቀይ ጸጉር! ዘበኛው ሳቁ እያመለጠው አሳለፈኝ። ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ በር ላይ ቆመህ ጠበቅኸኝና፣ በጸጉርሽ ማንም አያዝበትም፣ እኔም ብሆን፣ አልከኝ። ያገባሁህ ለዚያ ቃል ነው።

በኋላ ቱርክ ውስጥ ክልከላው ተነሳ ሲባል እዚሁ ሳሎን ዜናውን አይተን እኔ እልል አልኩ። አንተ ግን፣ የሚያስወልቀው ሲሄድ የሚያስለብሰው እንዳይመጣ ብለህ ሰጋህ። ጀማል፣ የሰጋኸው ሰው ሳሎናችን ድረስ መጣ።

ስለዚህ ተነሳሁ። በግድ አስወልቀውኝ የተቃጠልኩ ሴት በግድ አላስለብስም፣ ዱዓውን እኛው እናደርጋለን አልኳቸው። ሀናን እጇን ዘርግታ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ አላህ እንዲምርህ ለመነች። ሰው ሁሉ አሚን አለ። ጋሼ ሳይበሉ ወጡ። ሰደቃህ ነውና ምግባቸውን ቋጥሬ ላክሁላቸው፤ ይቅርታ ግን አልላክሁም።

ሰው ያማኛል፤ ይማኝ። ነገ ሀናን ልሸፈን ብትልና የሚከለክላት ቢመጣ፣ እሱንም እጋፈጠዋለሁ። ቀዩን ዊግህን አልጣልኩትም፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ። አንተን የማስታውስህ ግን በዊግ አይደለም። ልጅህ የትም ብትገባ፣ ተሸፍናም ሆነ ባዶ ራሷን፣ ስትወጣ እንደ አንተ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።