ጠዋት የተመረጠ ጠመንጃ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የምትሠራበት ማቀዝቀዣ ቤት ደረትህን እንዴት አድርጎታል? ባለፈው ስንነጋገር በየሁለት ቃሉ ታስል ነበር። ስጠይቅህ «አቧራ ነው» አልከኝ፤ በረዶ ቤት ውስጥ ምን አቧራ እንዳለ እንጃ። ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትንሿ የፊት ጥርስ በቀለ ወይስ እንዲሁ እያፏጨች ነው የምታወራው? እኔ ናፍቆታችሁን አልችለውም። እዚህ ላይ «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ወንድምዓለም፣ አባባ ከበረንዳው ደረጃ አልወደቁም። በስልክ የነገርኩህ ውሸት ነው። እንደዚያ በዪው ያለችኝ እማዬ ናት፤ ስልኩ አባባ ራስጌ ስለሆነ እሳቸው እየሰሙ ሌላ ነገር ማለት አልቻልኩም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝና ይኸው ወረቀት አነሣሁ። አባባን የጎዳቸው ከርከሮ ነው። ከርከሮውን ያቆሰልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሳትደነግጥ አንብበው፤ ቁስላቸው እየጠገገ ነው፣ ነርሷም በየሁለት ቀኑ እየመጣች ታየዋለች። ከርከሮው ግን እስካሁን አልተገኘም። ነገ ጠዋት ልፈልገው እወጣለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ማሳ ከከርከሮ የመጠበቁ ሥራ ሰፍቷል። በአንተ ጊዜ የምንጠብቀው ከወንዙ ወዲህ ያለውን ማሳ ብቻ ነበር፤ አሁን የገበሬዎች ማኅበሩ የማዶውን የድንች ማሳ ጨምሮብናል። የጫካውን ጫፍ ተከትዬ በቀን ስምንት ሰዓት እሄዳለሁ፤ ስምንቱንም ሰዓት የአባባ ጠመንጃ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ አምስት ኪሎ ያልፋል። አንተ እንኳ፣ የበሬ ትከሻ ያለህ ሰው፣ «ብረት ተሸክሜ ብረት ሆንኩ» ትል አልነበር? አባባ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጉንዳን» የሚሉኝ ከራሴ የሚበልጥ ነገር ስለምሸከም ነው፤ ዘንድሮ ግን ጉንዳኗ ደከመች። ቀኝ እጄ ከጆሮዬ በላይ አልነሣ ብሎ ፀጉሬን የምታበጥረኝ እማዬ ሆና ነበር፣ በዚህ ዕድሜዬ። «ቀላል ጠመንጃ ያዢ፤ ሰው በመንገድ ላይ የሚያልቀው በእግሩ ሳይሆን በትከሻው ነው» ብለህ የጻፍክልኝ ያኔ ነው። ልክ ነበርክ። ኋላ በሆነው ነገር ራስህን እንዳትወቅስ ከአሁኑ እነግርሃለሁ፤ የተበላሸው ምክርህ ሳይሆን አመራረጤ ነው።

ከአባባ ጋር በጠዋቱ አውቶቡስ ከተማ ወረድን። መሣሪያ ሻጩን ታውቀዋለህ፣ ያ ሲያወራ ጢሙን የሚቆጥር የሚመስለው። ሱቁ እንደ ድሮው ነው፤ ጠመንጃዎቹ በሰንሰለት ታስረው ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፣ ባንኮኒው የዘይት ሽታ አለው። አንዷን አውርዶ ሰጠኝ። ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ሰደፏ ፕላስቲክ፣ አፈሙዟ አጭርና ቀጭን። በአንድ እጄ አነሣኋት። ትከሻዬ ላይ ሳስደግፋት ያረፈች አልመሰለኝም። አባባ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ጠመንጃ ጠዋት አይመረጥም» አሉ። ሻጩ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሽማግሌ ከአሮጌ ዕቃው መለየት አይወድም ብዬ ነው። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልደገሙትም፤ ጠባያቸውን ታውቃለህ።

ዐሥራ ሁለት ቀን ልጅ ሆንኩ። ዳገቱን እየዘፈንኩ እወጣ ነበር፤ ማታም እማዬን «ዛሬ ራሴው ነኝ የማበጥረው» እላታለሁ። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ያንን ጆሮው የተቀደደውን ከርከሮ አገኘሁት። ሦስት ማሳ ድንች የገለበጠ፣ ጥጃ የሚያክል ነው። ከጠዋት ጀምሬ ዱካውን ስከተል ውዬ፣ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጥቼ ወርጄ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሰማንያ እርምጃ ርቀት ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር የሚመታው። ጠመንጃዋን አነሣሁ፤ ቅልል ብላ ተነሣች፤ መርጋት ግን አልቻለችም። ስተነፍስ አፈሙዟ ይወጣል ይወርዳል፣ ልቤ በመታ ቁጥር ጫፏ ይዘላል። ያ አሮጌ ብረት በክብደቱ ብቻ ሲያረጋጋኝ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ። መተው ነበረብኝ። አልተውኩም፤ ተኮስኩ። የኋላ እግሩን መታሁት፤ እየጮኸ ወንዙ አጠገብ ያለው ጥሻ ውስጥ ገባ።

የቤታችንን ሕግ ለአንተ አልነግርህም፤ ያቆሰለ ይጨርሳል። እስኪመሽ ፈለግኩት፤ ደሙ ውሃው ጋ ሲደርስ ጠፋ። ጥሻውን የሚያቋርጠው መንገድ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ወፍጮ የሚሄድበት ነው። ለአባባ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። በማግስቱ ስነሣ ግን ጫማቸውን አስረው፣ አሮጌውን ጠመንጃ አንግተው፣ በረንዳው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በዚያ በደከመ ጉልበታቸው። «ሁለት ሆነን ነው የምንፈልገው» አሉ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። መተኮስን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን እምቢ ማለትን ማን ያስተምረኝ?

አምስት ሰዓት ሙሉ ጥሻውን ዞርን። «ጠመንጃውን ልያዝልዎት» ብላቸው «ለምን አንቺንም እኔ አላዝልሽም?» አሉኝ። ቀትር ካለፈ በኋላ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው፤ በግራ በኩል ነው፣ ዐሥራ አምስት እርምጃ እንኳ አይሞላም። ዓይናቸው አልደከመም ወንድምዓለም፤ ዓይናቸው ከእኔ ይበልጣል። ጠመንጃውን ሲያነሡ አየኋቸው። ከወገባቸው ተነሣ፣ ደረታቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ክንዳቸው አልታዘዝ አላቸው። እኔም ተኮስኩ፤ እሳቸውን እንዳልመታ ፈርቼ ከፍ ስላደረግኩት ቅጠል ነው ያረገፍኩት። ከርከሮው ጭናቸውን ዘንጥሎ አልፎ ሄደ። ሹራቤን አውልቄ አሰርኩላቸው፤ ጎረቤታችን ዶሮ አርቢዋ በጋሪዋ ጤና ጣቢያ አደረሰችልን። ሃያ ሦስት ስፌት ነው። ነርሷ ስትሰፋቸው የተናገሩት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ወደ እኔ ዞረው «ጨረስሽው?» አሉኝ።

አንዱ ጠመንጃ ቀልሎ፣ አንዱ ከብዶ፣ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ አመለጠን። ዛሬ ከቆሰለ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር መንገዱን በገመድ ዘግቶታል። ሌላ ፈቃድ ያለው አዳኝ የሚመጣው ከሩቅ ነው፣ እሱም ከሦስት ሳምንት በፊት አልደርስም ብሏል። ሰዉ እህሉን ተሸክሞ በዙሪያ መንገድ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሰላምታ ሲሰጡኝ ግን መጀመሪያ ትከሻዬን ያያሉ፣ ከዚያ ፊቴን። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ልውጣ ስል አባባ ከለከሉኝ። «በዚያች ላባ አትሄጂም፤ በእኔም ብረት አትሄጂም» አሉ። ከዚያ አልጋ ላይ ሆነው ያዘዙኝን ብታይ፣ በዚህ ጭንቀት መሃል እንኳ ትስቅ ነበር። እማዬን ጠባብ ረጅም ከረጢት አሰፏት። ጠጠር እንሞላበትና በጓዳው ሚዛን እንመዝነዋለን፤ እሱን አንግቼ ክፍት በሆነው በኩል ቀኑን ሙሉ እሄዳለሁ። ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋቸው አጠገብ እቆማለሁ። ከረጢቱ ከመጥረጊያ እንጨት ጋር ይታሰራል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር አነጣጥራለሁ፤ እሳቸው እስከ ዐሥር ይቆጥራሉ። እኔን አያዩኝም፤ የሚያዩት የእንጨቱን ጫፍ ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል የሞላን ቀን ጫፉ እስከ ዐሥር ሲጨፍር ቆየ። አምስት ኪሎ የሞላን ቀን ስድስት ላይ ወደቀ። አራት ኪሎው ስምንት ድረስ ቆይቶ አሳፈረኝ። በአራተኛው ቀን ሦስት ተኩል ሞላን፤ አራት ሲሉ ጫፉ ረጋ፣ እስከ ዐሥር አልተነቃነቀም። «የደከመ እጅ አይዋሽም» አሉ አባባ። «ጠዋትማ እጅ ሁሉ ጀግና ነው።» እማዬ «ባሌና ልጄ አብረው አበዱ፣ መጥረጊያዬንም ወሰዱብኝ» እያለች ታማርራለች፤ አቧራ ቤት እንዳይገባ ብላ ጠጠሩን የምታጥበው ግን እሷው ናት።

ትናንት ከተማ የሄድኩት በእግሬ ነው፣ ከረጢቱን አንግቼ፤ ይህም የእሳቸው ትእዛዝ ነው። ሻጩ መዝጊያውን ሊያወርድ ሲል ደረስኩ። ላቤን አይቶ «አውቶቡሱ ተበላሸ?» አለኝ። «ጠዋት መምጣት ስላልፈለግኩ ነው» አልኩት፤ አልገባውም። አራት ጠመንጃ አወረደልኝ። እያንዳንዷን አንሥቼ የግድግዳውን ሰዓት መሃል አነጣጥሬ በሆዴ ቆጠርኩ። ሦስተኛዋ ረጋች። የእንጨት ሰደፍ አላት፤ ከነመነጽሯ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ናት፤ አፈሙዟ ከቀላሏ በአንድ ስንዝር ይረዝማል፤ ክብደቷ የሚያርፈው በግራ መዳፌ ላይ ነው። አባባ «ክብደቱን ፊት ላይ ፈልጊው፤ ኋላው ብቻ የከበደ ጠመንጃ ሰማይ ሰማይ ያያል» ብለውኝ ነበር። ቀላሏን መልሼ ይችን ያዝኩ። ዛሬ ጠዋት ከቤት ጀርባ አምስት ጥይት ተኩሼ መነጽሯን አስተካክያታለሁ።

አሁን ጓዳው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ነኝ። ነገ ብቻዬን ነኝ። ፈርቻለሁ ወንድምዓለም። ያ አውሬ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስለ እኔ ሲያስብ የከረመ ይመስለኛል። እማዬ ጠመንጃዋ በተደገፈችበት በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ሥራዬን ትቼ ልምጣ እንዳትል፤ ያቆሰልኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ልትጨርስልኝ አትችልም። ክፉ ከመጣ ግን ያኔ ና። ለእነሱ ብለህ ና።

ደብዳቤው ሳላሽገው ሦስት ቀን አደረ። አሁን ልቀጥል።

በመጀመሪያው ቀን አላገኘሁትም። በሁለተኛው ቀን ዶሮ አርቢዋ በዙሪያው መንገድ ስትመጣ ጭቃው ላይ ዱካ አይታ ሮጣ መጥታ ነገረችኝ፤ ሦስት እግር ይረግጣል፣ አራተኛው ይጎተታል። ተከተልኩት። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ጠመንጃዋን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ አነግታታለሁ፤ መኖሯ ይሰማኛል፣ ግን አልከበደችኝም። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ በወደቀ ግንድ ሥር ተኝቶ አየሁት። አርባ እርምጃ ነው። እሱም አየኝና ተነሣ። ጠመንጃዋን አነሣሁ፤ ጫፏ ዘለለ። በአባባ ድምፅ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት ስል ወደ እኔ መሮጥ ጀመረ። ሦስት። መሸሽ ነው የፈለግኩት፤ እግሬ ግን ቆመልኝ። አራት ላይ ረጋች፤ ተኮስኩ። ከፊቴ ስምንት እርምጃ ላይ ወደቀ።

ከዚያ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከስቷል። ጎድኑ ይቆጠራል፤ የተመታው እግሩ ተበላሽቶ ይሸታል። ዐሥራ አንድ ቀን እንደዚያ ሆኖ ነው የኖረው። ስጠላው ከርሜ አፈርኩ። እንዲያ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ሱቅ ውስጥ፣ በጠዋት፣ በችኮላ።

ቤት ስገባ አባባ ፊቴን አዩና «አምጪያት» አሉ። ባዶ መሆኗን ሁለት ጊዜ አረጋግጠው፣ ትራሳቸውን ተደግፈው ምስማሩን አነጣጠሩ። «ቁጠሪ» አሉኝ። ቆጠርኩ። ሦስት ላይ ጫፏ ወረደ። ልቀጥል ላቁም ጨነቀኝና መቁጠሬን ተውኩ። ብርድ ልብሱ ላይ አጋደሟት። «ለእኔ ከብዳለች» አሉ። «ለአንቺ ልክ ናት፣ ጉንዳን።» ከዚያ አሮጌውን አውርጄ ሣጥን ውስጥ እንዳስገባውና ቦታው ላይ የእኔን እንድሰቅል አዘዙኝ። አርባ ዓመት የተሰቀለበት ግድግዳ ቀለሙ እንደ አዲስ ነው፤ የእኔዋ ስለምታጥር በሁለቱም ጫፍ በኩል ይታያል። እማዬ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ እኔም ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ሊቀመንበሩ በማግስቱ ገመዱን ፈታው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አባባን ያሰርኩበት ሹራብ የላከችልኝ ነውና እንዳትቀየመኝ። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን፣ ትንሿን ጥርስ በሌለው በኩል ሳምልኝ። እማዬ ደረትህን ሸፍን ትልሃለች። ዶሮ አርቢዋም ሰላም ብላሃለች። አባባም ሰላም ብለውሃል። ይህን ሁሉ እንደጻፍኩልህ አያውቁም። አሁንም ለጠየቃቸው ሁሉ ከደረጃ ወደቅኩ ነው የሚሉት፤ ጋሪዋ ላይ ተኝተው ለሄዱባት ለዶሮ አርቢዋ ሳይቀር። ስለዚህ ስትደውል ከርከሮውን አታንሣባቸው። ስለ ደረጃው ጠይቃቸው። አንዱ እንጨት ላልቷል ይሉሃል፤ መጥቼ አጠብቀዋለሁ በላቸው።

እህትህ
ከጓዳው ጠረጴዛ፣ ጥቅምት 21 ቀን