የእትዬ ዘነበች ቁርስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 4፡30

የዛሬ ስልኮቼን ደውዬ ጨረስኩ፣ ደብተሬ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ልቤ ግን ጮቤ ይረግጣል። ኧረ ማን ያምናል! በርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ ሙኒር ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ፣ እያስነጠስኩ፣ ስዊድን እሠራለሁ! ቀጣሪዬ ሰናይት ናት፣ የአማኑኤሏ የልጅነት ጎረቤቴ። እዚያ ስዊድን ብቻቸውን ቤት የሚውሉ አረጋውያናችንን እየደወለ የሚጠይቅ ቢሮ ከፍታለች። በሉ? መድኃኒት ወሰዱ? ወሬ የማያልቅበት ሰው ስትፈልግ እኔ ትዝ አልኳት። ወሬዬ እንጀራ ሆነልኝ! ለጊዜው በሙከራ ነኝ። ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ ብቻ።

ከምደውልላቸው አንዷ፣ እትዬ ዘነበችም፣ እግ/ር ይመስገን፣ በልቻለሁ አሉ። «ደህና» ብዬ ለሰናይት ላክሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሰናይት ደወለች። እትዬ ዘነበች የስኳር መድኃኒታቸውን በባዶ ሆዳቸው ውጠው ወድቀዋል። ተርፈዋል፣ ተመስገን። ከደገማቸው ግን ልጃቸው የአረጋውያን መጦሪያ ሊያስገባቸው ነው፤ አማርኛ የሚሰማ በሌለበት። እኔም ጅል! የኛ ሰው በአንድ ጥያቄ መቼ አልበላሁም ይላል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ አልለቀቅኳቸውም። ምን በሉ? በምን? ከማን ጋር? እዚህች ላይ ቱግ አሉ! «አንቺ ልጅ፣ ሰው ብቻውን ገበታ ይቀርባል እንዴ?»

ለካ ይሄ ነው። ልጁ ማለዳ ሥራ ይወጣል፤ ፍሪጁ ሙሉ ነው፣ አብሯቸው የሚቀመጥ የለም። ፉል በዳቦ አስመጣሁ። ይብሉ፣ እኔም እየበላሁ ነው አልኳቸው። አላመኑም። ማይኩ ላይ አፌን ደቅኜ አላመጥኩ።

«በይ አጉርሺኝ!» አሉ።

ሙኒር በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ደግሞ፣ «እትዬ አስቴር፣ ኪቦርዱ! ፍርፋሪው!» አለኝ።

እትዬ ዘነበች በሉ፣ ደብተሬ! ሲያላምጡ ሰማሁ። አሥር ደቂቃዋ ግን የት ትደርሳለች፣ አለፈች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሰናይት ተቆጣች፣ ሳቋን ይዛ። ሌሎቹ ሲጠብቁ ዋሉ፤ እንዲህ ከሆነ ከሙከራው አታልፊም አለች። እውነቷን ነው። ሥራውንም እፈልገዋለሁ፣ እሳቸውንም።

ወሰንኩ። ሰናይት እትዬ ዘነበችን ከሥራ ዝርዝሬ ታውጣልኝ። ከነገ ጀምሮ ሥራ ሳልገባ፣ በራሴ ሰዓት፣ ቁርሴን ከሳቸው ጋር። ሙኒርን ለመንኩት፤ ጥግ ያለችውን ማሽን ፈቀደልኝ፣ ሳህኑን ጭንሽ ላይ ብሎ። ሰናይት ለምን ትለፊያለሽ ትለኛለች። ምን ልፋት አለው? ልጆቼ አግብተው ከወጡ ወዲህ እኔስ ቁርስ የምበላው ከማን ጋር ነው?