የጀርባ አሺው ጣቶች

ኅዳር 19
ዝናብ። ሳፋዎቹን አጠብኩ፤ እንጨት ማገድኩ፤ ውሃው ሞቀ፤ ባኞ ቤቱ ተከፈተ። አሮጊቶቹ እንደ ሁልጊዜው ቀድመው ደጃፉ ላይ ተሰልፈዋል። ቤታቸው መታጠቢያ እያላቸው እዚህ ድረስ በዝናብ... ይምጡ እንጂ። ባይመጡ ምን ልበላ ነበር?

የባኞ ቤቱ ባለቤት እትዬ ታትሱ መግቢያው ላይ ካለው ከፍ ያለ መቀመጫቸው ሆነው ሁለቱን እንጨቶች ሁለቴ አጋጩ። አንዴ ሲጋጭ ወንዶች ጋ፣ ሁለቴ ሲጋጭ ሴቶች ጋ ጀርባ የሚያሳሽ ሰው አለ ማለት ነው። ገባሁ። እማማ ሺጌ ናቸው።

"አንተ ኪሃቺ፣ ዛሬ እጅህ ምን ሆኗል? ድመት የምትዳብስ ነው የምትመስለው።"

"እርስዎ አርጅተው ነው እንጂ እጄማ ያው ነው" አልኳቸው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ።

ያው አይደለም። ከመስከረም ወዲህ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ሳሙናውን ይያዙት ይጣሉት የማውቀው በዓይኔ ነው። ሙቁን ከቀዝቃዛ መለየት ትተዋል።

ኅዳር 26
አሁን ውሃውን የምለካው በክርኔ ነው። ሰው ሲያየኝ እንዳሳከከው ሰው እከክ እከክ አደርጋለሁ። "ቁንጫ ገባብህ እንዴ?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ። ይሁን።

ለእትዬ ታትሱ ልንገራቸው? ነግሬስ? ማሸት የማይችል ጀርባ አሺ ምን ያደርግላቸዋል? ጓሮ ያለችው ክፍሌ ከሥራው ጋር የመጣች ናት። ሥራው ከሄደ እሷም ሄደች። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። በሰባ አንድ ዓመቴ ቶኪዮ ውስጥ ቤት የሚያከራየኝ ማን ነው? በዚህ ሥራ የቀረ ሌላ ሰው በከተማው የለም ይላሉ። አምና አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ እጄን ፎቶ አነሳው። ፎቶው ላይ ያምራል።

ታኅሣሥ 4
ክርኔም ጀመረው።

ታኅሣሥ 13
የዓመቱ አጭሩ ቀን። እንደ ልማዱ ገንዳው ላይ የዩዙ ሎሚ አንሳፈፍን፤ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። እትዬ ታትሱ ማጋጨቱን አላቋረጡም። ወንዶች ጋ፣ ሴቶች ጋ፣ ደግሞ ወንዶች ጋ... እማማ ሺጌን አሸሁ። ሳሙናውን ላለቃልቅላቸው ባልዲ ሞላሁ። የሙቁን ቧንቧ ከፈትኩ። የቀዝቃዛውንስ? ከፍቻለሁ ብዬ ነው። በክርኔ ነካሁት። ምንም። ሰው ይጠራኛል፣ ተቻኩያለሁ... ደፋሁባቸው።

አልጮሁም። እሱ ነው የገደለኝ። ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው ወደ ፊት ዘንበል አሉ። የጮሁት ሌሎቹ ሴቶች ናቸው።

ታኅሣሥ 14
ሆስፒታል ተኝተዋል። ጀርባቸው ውሃ ቋጥሯል። ልጃቸው ፉሚዮ መጣች። "እናቴን ቀቀላችኋት" አለች። እትዬ ታትሱ ተንበርክከው ግንባራቸውን ወለሉን አስነኩ። "ማሞቂያው ነው። አርጅቷል። እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

እኔ መወልወያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። አፌን ምን ያዘው? ማሞቂያው ደህና ነው። የማነደው እኔ ነኝ፤ ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

ታኅሣሥ 17
ከወረዳው ሰዎች መጥተው ማሞቂያውን አገላብጠው አዩ። ምንም አላገኙም። "ምክንያቱ እስኪታወቅ ዝጉ" ብለው ሄዱ። የእትዬ ታትሱ ልጅ ዮሺሮ ተከትሎ መጣ። ቦታውን ለፎቅ ሠሪዎች እንሽጠው ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሁሌ ይቆጡት ነበር።

"እማዬ፣ ቀጥሎ ሰው እስኪሞት ነው የምትጠብቂው?"

ዛሬ አልተቆጡትም። እጃቸውን አዩ። ፈራሁ።

ታኅሣሥ 19
ልነግራቸው ሄድኩ። ማዕድ ቤት ነበሩ። "ግባ፣ ብላ" ብለው ሾርባ ቀዱልኝ። ቾፕስቲኩ ከጣቴ አመለጠ። በርዶኝ ነው አልኩ።

"ያን ማሞቂያ ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። ልጆች ገንዳ ውስጥ እያሉ ቢፈነዳስ?"

"አይፈነዳም።"

"በምን አወቅህ?"

"እንዲሁ" አልኩ። እንዲሁ... ምላሴን ይቁረጠው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር እኮ። ሾርባዬን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 20
ዛሬም አልነገርኳቸው። ጓሮ ሳፋ ሳጥብ ዋልኩ። ለማን ብዬ?

ታኅሣሥ 21
ነገርኳቸው። ተንበርክኬ፣ ሁለቱንም እጄን ፊታቸው ዘርግቼ። ማሞቂያው ምንም አልሆነም፣ እኔ ነኝ አልኩ። ከመስከረም ጀምሮ ሙቀት አይሰማኝም አልኩ። ደብቄዎት ነው አልኩ።

"ሽያጩን ትናንት ጨረስኩ" አሉ። "ዮሺሮ ሰዎቹን ይዞ መጣ። ማህተሜን መታሁ።"

"ይመልሱት። አሁኑኑ አብረን እንሂድ።"

"የተመታ ማህተም በምን ይነሳል፣ ኪሃቺ?"

ትናንት... እኔ ጓሮ ሳፋ ሳጥብ። መሃላችን አንድ ግድግዳ ነው የነበረው። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 3
እማማ ሺጌ ዳኑ። ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እኔ ነኝ አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ደህናው እጅህ ሃያ ዓመት አሽቶኛል፤ እንዴት አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"አንተ ትነግራቸዋለህ ብዬ ነዋ።"

ሻይ አቀረቡልኝ። ሳልጠጣው ወጣሁ።

የካቲት 8
ወረዳው የሰጠኝ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎረቤቶቼን አላውቃቸውም። መታጠቢያው በሴት ድምፅ ያወራል። "ውሃዎ ተዘጋጅቷል" ይላል፤ ሙቀቱን በቁጥር ያሳያል። አምኜው እገባለሁ። ምን አማራጭ አለኝ? ባኞ ቤቱን አፍርሰውታል አሉ። ሄጄ አላየሁም።

ዛሬ ስልክ ጠራ። እትዬ ታትሱ። ባኞ ቤቱን ከለቀቅን ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም ነበር። ዮሺሮ ጋ ነው የሚኖሩት።

"እጅህ እንዴት ነው?"

"ያው ነው፣ እትዬ።"

"የኔም ጉልበት ያው ነው። ከነሐሴ ጀምሮ እዚያ መቀመጫ ላይ መውጣት እያቃተኝ ነበር፤ አውቀሃል?"

አላወቅሁም። የራሴን ጣት ሳይ የሳቸውን ጉልበት መቼ አየሁ?

"በታኅሣሥ ማብቂያ፣ ለአዲስ ዓመት፣ እኔ ቦታ አንተን ላስቀምጥህ ነበር ያሰብኩት። ማሸቱ ይቅር፣ በቃህ፣ ቤቱን አንተ ያዘው ልልህ። ዮሺሮ እንደሆነ አይፈልገውም። ሌላ ለማን እተወዋለሁ?"

መተንፈሴን ሰምተው መሰለኝ ቀጠሉ።

"ታባርረኛለች ብለህ ነው ዝም ያልከው?"

"አዎ።"

"ሃምሳ ዓመት አብረን ኖረን። ምኔን አይተህ ነው የፈራኸኝ?"

ፈለግሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ አንድ በአንድ ፈለግሁ። ምንም አላየሁባቸውም፤ አንድም ቀን። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። እሳቸውም አልዘጉትም።